ሊዲያ ያመጣቻቸው ሲዲዎች

ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ ፒያሳ ውስጥ አንድ ኮፒ ቤት በር ላይ ተጠግቼ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። ከውስጥ የጋለ ወረቀትና የኮፒ ቀለም ሽታ መጣ። ሌላ ሰው ምናልባት አያስተውለውም። እኔ ግን ያንን ሽታ ብዙ ዓመት ለብሼው ኖሬያለሁ፤ ነጠላዬ ታጥቦ እንኳ አይለቀውም ነበር። ዝናቡ አባራ፣ አብረውኝ የተጠለሉት ሄዱ፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የቤቱ ልጅ ብቅ ብላ ‹‹እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?›› ስትለኝ መታወቂያዬን አውጥቼ ኮፒ አስደረግሁ። ለምንም አያስፈልገኝም ነበር።

ባለቤቴ ለእርሻ ሥራ ወደ ሀዋሳ ሲዛወር መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እዚህም በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ከተማዋ ያኔ በብስክሌትና በጋሪ ነበር የምትሄደው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ከሥራ ስንወጣ ባለቤቴ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እኔ በጎኑ እየሄድኩ እስከ ሐይቁ እንወርድ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፤ ባለቤቴ ‹‹ጡረተኞቹ ዛሬም ተሰብስበዋል›› ይል ነበር። እሱ ያረፈው ልጃችን ቤዛዊት አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናዎቹን በኮምፒውተር ሲተካ እኛንም ቀነሰን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣቶቼን ግን አልቀነሰብኝም። በተሰጠችኝ ጥቂት ገንዘብ ላይ እህቴ ጨምራልኝ ፒያሳ ውስጥ አንድ በር ተከራየሁና የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፈትኩ።

አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ገጽ ማስተየብ ሁለት ብር፣ ኮፒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ሚሊኒየሙ ሊከበር ሲል ይመስለኛል፤ ከፊት ለፊታችን ካለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ ያው የሚሊኒየም ዘፈን ይለቀቃል፣ ሳልወድ በቃሌ አጥንቼው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ ለብሰው፣ ፍላሻቸውን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። መብራት በፈረቃ ነበር። ሲሄድ ሁላችንም ወጥተን በረንዳው ላይ እንቆማለን፤ ዘፈኑም አብሮ ዝም ይላል፤ ያኔ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል። አሁን በዚያ መንገድ ፈረስ የለም። ኮምፒውተሬን የሚያሠራው ሥርዓት፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነበር፤ ጥገና ቤቱ ከአንድ ሲዲ ገልብጦ የጫነልኝ። መርጬው አይደለም። የሚመረጥ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ሊዲያ ታቦር ሰፈር ከቤታችን ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ ሰዎች ልጅ ነበረች። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እነሱ ጴንጤዎች። አባቷ አናጢ ነበሩ፤ እሷ በእሑድ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች፣ በሌላው ቀን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች። ረጅም ቀሚስ፣ የተሰፋ ሸራ ጫማ፣ ሁልጊዜ የታጠበ ፊት። ኮምፒውተር ስለሌላት ተስማማን። እሷ ቤዛን ሒሳብ ታስጠናለች፣ እኔ ደግሞ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ማሽኑን እለቅላታለሁ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው እዚያ ነበር፤ ጤና ጣቢያዎች የበሽተኛ ካርድ እንዴት በኮምፒውተር ሊይዙ እንደሚችሉ። አራት ወር ጻፈችው። ቤዛ ሒሳብ ላይ ከወደቀችበት ተነሣች፤ ተመስገን ብያለሁ። ሊዲያንም እወዳት ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማሳመር አይደለም። የምወደው ሰው ላይ ያደረግሁት መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

በዚያ ዘመን በነጻ የሚታደል ሲዲ ሁሉ የስብከት ሲዲ ነበር። መናኸሪያ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ልጆች ቆመው ያድሉታል። የእነሱም አለ፣ የእኛም አለ። በጽዋ ማኅበራችን ላይ ወሬው ይኸው ነበር። አንዷ እህታችን ‹‹አስካለ፣ ያቺ ጴንጤዋ ልጅ እኮ ከልጅሽ አትለይም። አስበሽበታል?›› አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰብኩበት።

አንድ ዓርብ የቤዛን ቦርሳ ስከፍት የወረቀት ኪስ ያለው ሲዲ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተዋል፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ይስቃሉ።

‹‹ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹የሊዲያ ነው፣ እማዬ›› አለች ቤዛ ከደብተሯ ሳትነሣ። ‹‹በነጻ ነው። ከውጭ አገር በፖስታ ይልኩላታል፣ እሷ ደግሞ እየገለበጠች ለሰው ትሰጣለች።››

በነጻ፣ ከውጭ አገር፣ በፖስታ፣ እየገለበጡ ለሰው መስጠት። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ኮምፒውተር ላይ ከትቼ ማየት እንኳ ፈራሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሊዲያ ስትመጣ ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። ሲዲውን አንሥቼ አሳየኋት።

‹‹ቤቴ ገብተሽ ልጄን ልትነጥቂኝ ነው?››

‹‹እትዬ፣ ይሄ እኮ የኮምፒውተር ነው።››

‹‹ሲዲ ሁሉ የኮምፒውተር ነው!››

አንድ ደንበኛ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ልብ ሰጠኝ። ሲዲውን በሁለት እጄ ይዤ ሰበርኩት። ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው ‹‹ደግ አደረጉ!›› አሉ። የሊዲያ ፊት ቀላ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። ‹‹የአባትሽ ቤት ስበኪ›› አልኳት። ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ወደ እኔ ቤት እንዳትመጪ።››

‹‹እሺ እትዬ›› አለች። ‹‹ጽሑፌን ግን በፍላሽ ልውሰድ?››

‹‹ማሽኑ ሥራ ይዟል። ሰኞ ነይና ውሰጂ።››

ማሽኑ ሥራ አልያዘም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የደንበኞቼ ፎልደሮች በስም በስማቸው ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ የሚመረቁ ልጆች ናቸው። መካከላቸው ሊዲያ የሚል አለ። አልከፈትኩትም። ሰረዝኩት። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩ። ከቆሻሻ መጣያውም ላጠፋው ስል እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና አዎ አልኩ። ሰው በንዴት ሲሠራ አእምሮውን ይስታል ይባላል፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። በማግሥቱ እሑድ አስቀደስኩ። ልጄን ስለጠበቀልኝ አመስግኜ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት አንድም ፎልደር የለም። ስክሪኑ ባዶ ነው። አርባ የሚሆኑ ልጆች ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነበር፤ የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ሳምንት አይሞላም። አንዱ ተማሪ ፍላሹ ላይ ቫይረስ ይዞ መጥቶ ኖሯል። የጥገናውን ሰው በሩጫ አስጠራሁት። አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ‹‹ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ያለው ሁሉ ይጠፋል›› አለ።

የመጀመሪያው ስሜቴ ምን እንደነበር መናገር አለብኝ። ድንጋጤ አልነበረም። እፎይታ ነበር። ቅዳሜ ያደረግሁት ከሁሉም ጋር አብሮ ተቀበረልኝ ብዬ አሰብኩ። በልቤ ‹‹ተመስገን›› አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተመስገን ብያለሁ፣ ሁሉንም አላስታውስም። ያንኛውን አስታውሳለሁ።

ሊዲያ ሰኞ ነይ ባልኳት መሠረት ፍላሿን ይዛ መጣች። የበሩ ደፍ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ቤዛን ለምርቃት ሰሞን ሥራ እንድታግዘኝ ከትምህርት ቤት አስቀርቻት ነበር፤ የሆነውን የነገረቻት እሷ ናት።

‹‹ፎርማት አደረጉት እንዴ?›› አለች ሊዲያ።

‹‹ገና ነው›› አለ የጥገናው ሰው።

‹‹እንዳይነኩት! እትዬ፣ ልግባ?››

ምን ልበል? ግቢ አልኳት። ከቦርሳዋ ሲዲ አወጣች። ያው ነው፤ ክብ ሠርተው የሚስቁት ልጆች። ማሽኑ ውስጥ ከተተችና እንደገና አስነሣችው። እኔ የማውቀው ሰማያዊ ነገር አልመጣም። እንደ ታረሰ መሬት ያለ ቡናማ መልክ መጣ። ‹‹ይሄ ሊኑክስ የሚባል ነው›› አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለቤዛ። ‹‹ልክ የኮምፒውተሩን ነፍስ እንደመቀየር ነው፤ ግን ሳትጭኚው ከሲዲው ላይ ብቻ ይሠራል። ቫይረሱ እዚህ ጉልበት የለውም።›› ዲስኩን ከፈተችው። ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቤዛ እየዘለለች ታነባለች፤ ‹‹የትዕግሥት አለ! የሙሉጌታ አለ! እማዬ፣ የዚያ የረጅሙም አለ!›› የጥገናው ሰው እንኳ ወንበሩን አስጠጋ።

ከዚያ ቤዛ ‹‹ያንቺስ?›› አለች።

ሊዲያ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። እንደገና ወጣች።

‹‹ያንቺን ቫይረሱ በልቶት ይሆናል›› አልኩ።

ዞራ አየችኝ። ብዙ አልቆየችም። ከእኔ ወደ ቤዛ አየች፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ‹‹ይሆናል›› አለች።

የሌሎቹን ጽሑፍ በፍላሽ ካወጣን በኋላ ማሽኑ ተጠገነ። ሊዲያ የጽሑፏን ግማሽ የያዘ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ነበራት። የቀረውን ከራሷ አወጣችው። ስድስት ቀን ከንጋት ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምሳ እያመጣሁ አጠገቧ አስቀምጥላት ነበር። ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ›› ትለኛለች። ትንሽ ትጎርስና ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ትቀጥላለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ደረሰላት። አትሜ የጠረዝኩላት እኔ ነኝ። ስጠርዘው ቤዛ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እያገላበጠች ጮኸች፤ ‹‹እማዬ፣ ስምሽ አለ!›› የምስጋናው ገጽ ላይ ነበር። ኮምፒውተራቸውን ለፈቀዱልኝ ለወይዘሮ አስካለ ይላል። ቤዛ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ልጄ በእኔ የኮራችበትን ያንን ቀን መሸሸጊያ አጥቼ ነው ያሳለፍኩት።

ከተመረቀች በኋላ ሥራ እስክታገኝ ደጋግማ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ‹‹እትዬ፣ ይሄ ማሽን እንደገና ይታመማል። ከፈለጉ ሊኑክስ ልጫንልዎት›› አለች።

‹‹ጫኚልኛ።››

‹‹የቱን?››

‹‹እንዴት የቱን?››

‹‹አንድ እኮ አይደለም። ብዙ ዓይነት አለው። ሰዎች እንደየፍላጎታቸው ሠርተው በነጻ ያስቀምጡታል፤ የሚስማማዎትን ነው የሚመርጡት። ሦስቱን አመጣለሁ። ሳንጭን በየተራ ይሞክሯቸው። እርስዎ ምን ዓይነት ይወዳሉ?››

ቤቱን የመረጠው ባለቤቴ ነው። ከተማውን የመረጠው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው። ጽሕፈት መኪናውንም ኮምፒውተሩንም ሰው ያቀረበልኝን ተቀበልኩ እንጂ አልመረጥኩም። ምን ትወጂያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ማን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ይህችው የበደልኳት ልጅ ብቻ ሆነች።

የመጀመሪያው ያ ቡናማው ነው። ሲነሣ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ‹‹የከበሮ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው›› አልኳት።

‹‹እኛም ጋ ከበሮ አለ እኮ፣ እትዬ›› አለች ፈገግ ብላ።

ሳቅሁ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛው ሰማያዊ ነው። ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል፣ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ይርገበገባል። ቤዛ ‹‹ይሄን! ይሄን!›› አለች። አሮጌው ማሽኔ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው ያለከልካል፤ አንድ ገጽ እስኪከፍት ደንበኛ ትቶን ይሄዳል። ‹‹ይሄ የሠርግ ልብስ ነው›› አልኩ። ‹‹እኔ የምፈልገው የሥራ ልብስ ነው።›› ሦስተኛው ግራጫ ነበር። ጌጥ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ጥግ ላይ የአይጥ ሥዕል ብቻ። ግን ቁልፉ እንደተጫነ ወዲያው ይታዘዛል። ፊደሉን ለዓይኔ አጎላችልኝ። ‹‹ይሞክሩት እስቲ፣ የፈለጉትን ይጻፉ›› አለችኝ። አዲስ ወረቀት ስጀምር እንደለመድኩት ‹በስመ አብ› ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ። የአማርኛው ፊደል ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የመጣ ነበር፤ ማንም ሰርቆ የገለበጠልኝ አይደለም። ‹‹ይሄኛውን›› አልኳት።

ማተሚያውን ለማላመድ ሁለት ቀን ፈጀባት። ደንበኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ። አንድ የቢሮ ሰው ‹‹እትዬ አስካለ፣ የጻፉልኝ ደብዳቤ ቢሮዬ ስከፍተው ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆነ!›› ብሎ እየሮጠ መጣ። አንዱ ደግሞ ‹‹ይሄ ኮምፒውተር እንደ ባለቤቱ ጾመኛ ነው፣ ምንም ጌጥ የለውም›› ይል ነበር። ግን በየወሩ ሌሎቹ ኮፒ ቤቶች ቫይረስ ሲያስቸግራቸው የእኔ አልታመመም። በዚያች ግራጫ ማሽን ቤዛን አስተምሬ ለዩኒቨርሲቲ አደረስኳት። በተቀመጥኩ ቁጥር ግን የሰረዝኩት ነገር ይታየኛል። ለዓመታት ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሁሉንም እናገርና ያንን እዘልለው ነበር። የኮምፒውተር ነገር አይገባቸውም እያልኩ።

አንድ የፍልሰታ ጾም ላይ ግን አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

‹‹ልጅቱ አለች?››

‹‹አለች፣ አባቴ።››

‹‹የት?››

‹‹ታቦር፤ አግብታ እዚያው ትኖራለች።››

‹‹ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?›› አሉኝ።

ያኔ ባጃጁ በዝቷል፤ አንዱን ይዤ ወደ ታቦር ወጣሁ። ሊዲያ ሕፃን ታቅፋ በር ከፈተችልኝ። ‹‹እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጾም ነው አይደል? ሻይ ላፍላልዎት›› እያለች ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ልብስ ታነሣለች። ቆሜ ተናገርኩ። ከተቀመጥኩ ያቅተኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፍሽን ቫይረስ አልበላውም፤ እኔ ነኝ የሰረዝኩት አልኳት።

ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

‹‹አውቅ ነበር እኮ፣ እትዬ።››

‹‹እንዴት? መቼ?››

‹‹ያኔውኑ። ያ ቫይረስ አይሰርዝም፣ ይደብቃል እንጂ። የተደበቀው ሁሉ ደግሞ ታየ። የኔ ብቻ አልነበረም።››

ተቀመጥኩ። የጻፈችውን ምስጋና አሰብኩ፣ ያመጣሁላትን ምሳ፣ ሦስቱን ሲዲዎች። ሁሉንም እያወቀች ነበር።

‹‹ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?›› አልኳት።

‹‹ቤዛ አጠገባችን ነበረች›› አለች። ‹‹በልጅዎ ፊት?››

በዚያች ቅዳሜ እሷን በስንት ሰው ፊት እንዳዋረድኳት አላነሣችብኝም። ሕፃኑን አስታቀፈችኝና ሻይ ልታፈላ ገባች።

ልጄ ቤዛዊት ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ኮፒ ቤቱን ከዘጋሁ ወዲህ መጻፍ ይዣለሁ፤ የምጽፋቸውን ነገሮች ከመታተማቸው በፊት የምታነብልኝና ስሕተት የምታርምልኝ እሷ ናት። ይህን ነገር በቃል ልነግራት ሞክሬ ሁልጊዜ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን ጽፌ ጨርሻለሁ። ነገ ከቅዳሴ መልስ እሰጣታለሁ፤ ስታነብም አጠገቧ እቀመጣለሁ።